ሮቦቱ በእኔ አካውንት ይሠራል፤ በራሱ አካውንት ሲነሣ ግን የይለፍ ቃሉን ማግኘት አልቻለም

ጠያቂ (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ አስመጪ ድርጅት የፋይናንስ ክፍል ውስጥ ኦቶሜሽን ኤኒዌር በተባለው መሣሪያ የሶፍትዌር ሮቦቶችን (ሰው በስክሪን ላይ የሚሠራውን የሚሠሩ ፕሮግራሞችን) እሠራለሁ። ሥራውን ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እስካሁን የሠራኋቸው ሮቦቶች ግን ሁሉም እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ የማስነሣቸው ነበሩ። ሰው በሌለበት የሚሠራ ሮቦት ሳዘጋጅ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

የሮቦቱ ሥራ ይህ ነው፦ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ወደ ሦስት ባንኮች የኢንተርኔት ባንኪንግ ገጽ ይገባል፤ የቀደመውን ቀን የሒሳብ መግለጫ ያወርዳል፤ ከዚያም ወደ ድርጅቱ የሒሳብ ሶፍትዌር ገብቶ ገቢና ወጪውን ያመሳክራል። የአራቱን ሥርዓቶች የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል በኮንትሮል ሩሙ (ሮቦቶቹ በሚተዳደሩበት ማዕከል) ክሬደንሻል ቮልት፣ ማለትም በይለፍ ቃል ማስቀመጫው ውስጥ መዝግቤ ሁሉንም በአንድ ሎከር (በቮልቱ ውስጥ ባለ የተቆለፈ ክፍል) ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ። በራሴ አካውንት ሳስነሣው አንድም ጊዜ አልተደናቀፈም። በቦት ራነሩ (ሮቦቱ ያለ ሰው በሚሠራበት) አካውንት ሲነሣ ግን ገና የመጀመሪያው ባንክ መግቢያ ላይ ክሬደንሻሉን (የተመዘገበውን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል) ማግኘት እንዳልቻለ ገልጾ ይቆማል።

አንድ ባልደረባዬ ለቦት ራነሩ የአስተዳዳሪነት ሚና እንድሰጠው፣ ሌላው ደግሞ ለጊዜው የይለፍ ቃሉን በቀጥታ ሮቦቱ ውስጥ እንድጽፈው መክረውኛል። ሁለቱንም ልቤ አልተቀበላቸውም። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ አመሰግናለሁ።

የቦት አልሚ (አዲስ አበባ)

ሁለቱንም ባለማድረግዎ ደስ ብሎኛል። የመጀመሪያው ምክር አደገኛ ከመሆኑም በላይ ችግሩን ላይፈታልዎ ይችላል፤ ምክንያቱም የኮንትሮል ሩም አስተዳዳሪ መሆንና ከአንድ ሎከር ውስጥ ያለውን ክሬደንሻል መጠቀም ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው። ሁለተኛው ምክር ደግሞ የይለፍ ቃሉን የሮቦቱን ፋይል ለሚከፍት ሰው ሁሉ ያስረክባል፤ «ለጊዜው» ተብሎ የተጻፈ የይለፍ ቃል ደግሞ ከዓመት በኋላም እዚያው እንደሚገኝ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ሎከሩ በውስጡ የተለያየ ደረጃ ያላቸውን ሰዎች ይይዛል። ባለቤቱ ሎከሩን ማሻሻል፣ መሰረዝና ሌላ ባለቤት መጨመር ይችላል። ማኔጀሩ አብዛኛውን የባለቤቱን ሥራ ይሠራል፤ ሰው የመጨመር መብት ግን የለውም። ተሳታፊው የራሱን ክሬደንሻል ወደ ሎከሩ ያስገባል እንጂ ሌሎች ያስገቡትን አያይም። የመጨረሻው ኮንሱመር (ክሬደንሻሉን የሚጠቀመው) የሚባለው ሲሆን፣ የእርስዎ ቦት ራነር የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ነው። ኮንሱመርነት የሚሰጠው ለአንድ ሰው በስሙ ሳይሆን ለሚና (አንድ ዓይነት ፈቃድ ላላቸው አካውንቶች ምድብ) መሆኑን ልብ ይበሉ። እርስዎ የክሬደንሻሎቹ ባለቤት ስለሆኑ ሲያስነሡት ይከፈትልዎታል፤ ቦት ራነሩ ያለበት ሚና ግን ከሎከሩ የኮንሱመር ዝርዝር ውስጥ የለም ብዬ እገምታለሁ።

ስለዚህ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን አዲስ ሚና ይፍጠሩ፤ ይህን ቦት ራነር ብቻ አባል ያድርጉ፤ ከዚያም ሚናውን ወደ ኮንሱመር ዝርዝሩ ያስገቡ። ቦት ራነሮች ሁሉ የሚገኙበትን የጋራ ሚና ማስገባት ይቀልላል፤ ሆኖም ነገ የሠራተኞችን የዕረፍት ቀን የሚቆጥረው ሮቦትም የባንክ የይለፍ ቃል መክፈት ይችላል ማለት ነው።

ሌላም የሚመለከቱት ነገር አለ። ክሬደንሻሉን ሲሠሩ የእያንዳንዱ መስክ ዋጋ (በመስኩ ውስጥ የሚሞላው ጽሑፍ) ከየት እንደሚመጣ ተጠይቀዋል። አንደኛው ምርጫ ባለቤቱ አንድ ጊዜ የሚሞላውና ለሁሉም የሚያገለግለው ነው፤ ሁለተኛው እያንዳንዱ ኮንሱመር የራሱን የሚሞላበት ነው። ሁለተኛውን መርጠው ከሆነ እርስዎ የራስዎን ሞልተዋል፣ የቦት ራነሩ ግን ባዶ ነው። በዚህ ጊዜ ሚናውን ቢያስተካክሉም ሮቦቱ የሎከሩን በር ከፍቶ ባዶ መደርደሪያ ያገኛል።

ጠያቂ (አዲስ አበባ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደተባለው ሚናውን ፈጥሬ አስገባሁት፤ ሮቦቱ ሦስቱንም ባንኮች አልፎ የሒሳብ ሶፍትዌሩ ላይ ቆመ። ስመለከተው የባንኮቹን በመጀመሪያው መንገድ፣ የሒሳብ ሶፍትዌሩን ግን በሁለተኛው መንገድ አስገብቼው ኖሯል። ከሁለቱ የትኛውን መምረጥ እንዳለብኝ የሚለየው ምንድን ነው? እንዲሁም በሁለተኛው መንገድ ከሄድኩ ቦት ራነሩ ሰው ስላልሆነ የራሱን ዋጋ እንዴት ይሞላል?

ለግልጽነት አንድ ነገር ልጨምር፤ የባንኮቹ መግቢያ የፋይናንስ ሥራ አስኪያጃችን የግል የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ነው፤ እርሳቸው ፈቅደው ሰጥተውኛል።

የቦት አልሚ (አዲስ አበባ)

የአሠራሩን ጥያቄ በአጭሩ ልመልስ። ቦት ራነሩ በኮንትሮል ሩም ውስጥ እንደማንኛውም ተጠቃሚ አካውንት አለው፤ በዚያ አካውንት ገብቶ ክሬደንሻሉን መሙላት ይቻላል። ሁለተኛው መንገድ የተዘጋጀው አንድ ዓይነት ሮቦት በብዙ ሠራተኞች ጠረጴዛ ላይ ሲሠራና እያንዳንዱ ሠራተኛ በሌላው ሥርዓት ውስጥ የራሱ መለያ ሲኖረው ነው። ያለ ሰው ለሚሠራ አንድ ሮቦት በሒሳብ ሶፍትዌሩ ላይ የራሱን አካውንት አስከፍተው በመጀመሪያው መንገድ መሙላቱ ይበልጥ ግልጽ ነው።

ስለ ሥራ አስኪያጁ የይለፍ ቃል የጻፉት ግን አሳስቦኛል፤ ከእኔ የተሻለ የሚያስረዳ ሰው ቢመልስልዎ እመርጣለሁ።

የመረጃ ሥርዓት ኦዲተር

እኔ ሮቦት አልሠራም፤ ሥራዬ የሌሎችን ሥርዓት መመርመር ነው። ይህን ውይይት ሳነብ የቆየሁት በጠያቂው የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ምክንያት ነው፤ ስለ እርሱም በዝርዝር መናገር ያለብኝ ይመስለኛል።

እስካሁን የተነጋገራችሁት ቁልፉን ማን ይወስዳል በሚለው ላይ ነው። ሎከሩ የሚወስነውም ይህንኑ ብቻ ነው። የተወሰደው ቁልፍ ምን ምን በሮችን ይከፍታል የሚለው የሚወሰነው ግን በባንኩ ሥርዓት ውስጥ ነው። የፋይናንስ ሥራ አስኪያጅ በድርጅት የኢንተርኔት ባንኪንግ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ የማጽደቅ ሥልጣን አለው። መግለጫ ለማውረድ የተሠራ ሮቦት ይህን መለያ ይዞ ሲገባ፣ ከሥራው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለውን የማጽደቅ ሥልጣን አብሮ ይዞ ይገባል። ሎከሩን ምንም ያህል አጥብቀው ቢያጥሩት ይህን አያርመውም።

ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ኮምፒውተር መረጃ ጥበቃ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ማንኛውም ፕሮግራምና ማንኛውም ተጠቃሚ ሥራውን ለመፈጸም ከሚያስፈልገው የበለጠ መብት ሊኖረው አይገባም የሚለውን መርሕ አስቀምጠዋል። ፕሮግራምን ከሰው እኩል መጥቀሳቸውን ልብ ይበሉ። በእርስዎ ጉዳይ ይህ ማለት ከእያንዳንዱ ባንክ በድርጅቱ ስም፣ ለሮቦቱ ብቻ፣ ሒሳብ የማየትና መግለጫ የማውረድ መብት ብቻ ያለው ተጨማሪ ተጠቃሚ በደብዳቤ መጠየቅ ነው። ደብዳቤው ቀናት ይወስድ ይሆናል፤ እስከዚያው ድረስ መግለጫው በሰው እጅ ቢወርድ እመርጣለሁ።

ሌላው ተጠያቂነት ነው። አንድ ቀን አጠራጣሪ ክፍያ ቢገኝ የባንኩ መዝገብ የሚያሳየው የሥራ አስኪያጁን ስም ነው። እርሳቸው ራሳቸው ይሁኑ፣ ሮቦቱ ይሁን ወይም ሮቦቱን የሚያውቅ ሰው ይሁን መለየት አይቻልም። እርሳቸው በቅንነት የሰጡት ፈቃድ ባልሠሩት ሥራ እንዲጠየቁ ሊያደርጋቸው ይችላል፤ ይህን ፊት ለፊት ሊነግሯቸው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የክፍያ ካርድ መረጃ በምትነኩ ድርጅቶች ውስጥ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ የፒሲአይ ዲኤስኤስን (የክፍያ ካርድ መረጃ ጥበቃ መስፈርትን) ክፍል 8.6 ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 4.0 እትም የተካተተ ሲሆን ይህ ክፍል አስገዳጅ የሆነው ከማርች 31 ቀን 2025 ጀምሮ ነው። የሥርዓትና የመተግበሪያ አካውንቶች የይለፍ ቃል በስክሪፕትም ሆነ በማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ እንዳይጻፍ ይከለክላል፤ እንደዚህ ያለ አካውንት እንደ ሰው ስክሪን ላይ መግባት የሚችል ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ተጽፎ፣ በኃላፊ ጸድቆ፣ የተፈጸመው ሁሉ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ያዝዛል። የሶፍትዌር ሮቦት ሥራው ሁሉ ስክሪን ላይ መግባት ስለሆነ ይህ ክፍል በቀጥታ ይመለከተዋል።

አልሚ (ቨርጂኒያ)

እኔ ሮቦት የምሠራው ዩአይፓዝ በተባለ ሌላ መሣሪያ ነው፤ ስሙና አቀማመጡ ቢለያይም ችግሩ አንድ ነው። በኦርኬስትሬተር (በዩአይፓዝ የሮቦቶች ማስተዳደሪያ) ውስጥ የይለፍ ቃል ክሬደንሻል አሴት (ሮቦቶች የሚጠቀሙበት የተቀመጠ መረጃ) ሆኖ በአንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ሮቦቱ የይለፍ ቃሉን ጌት ክሬደንሻል በተባለው ትእዛዝ ሲጠይቅ፣ የሮቦቱ አካውንት በዚያ ፎልደር ውስጥ አሴት የማየት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። አሴቱ በሌላ ፎልደር ውስጥ ከሆነ አሴቱ አልተገኘም የሚለውን የስሕተት ቁጥር 1002 ያገኛሉ፤ ብዙ ጀማሪዎች ይህን ሲያዩ ስሙን በተሳሳተ ፊደል የጻፉ እየመሰላቸው ግማሽ ቀን ያባክናሉ። ብሉ ፕሪዝም በተባለው ሌላ የሮቦት መሥሪያ ደግሞ አንድን ክሬደንሻል በተጠቃሚ ሚና ብቻ ሳይሆን በተወሰነ ፕሮሰስ (የሮቦት ሥራ) እና በተወሰነ ማሽን መገደብ ይቻላል። ፈቃዱ ለሥራው ራሱ ስለሚሰጥ ይህን አሠራር እጅግ እወደዋለሁ።

እዚህ የገባሁት ግን ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር ስላለ ነው። ቮልቱ የይለፍ ቃሉን በምስጢር ኮድ ቆልፎ ያስቀምጣል፤ በስክሪኑ ላይም ለማንም አያሳይም። ስለዚህ ብዙ ሰው አልሚው የይለፍ ቃሉን ማየት አይችልም ብሎ ያምናል። ነገር ግን ሮቦቱ የይለፍ ቃሉን ተቀብሎ በባንኩ ገጽ ላይ መጻፍ አለበት፤ በዚያች ቅጽበት የይለፍ ቃሉ በሮቦቱ እጅ ላይ ነው። ሮቦቱ ምን እንደሚያደርግ የሚጽፈው አልሚው ነው። በዩአይፓዝ የይለፍ ቃሉ ሴኪዩር ስትሪንግ (የተሸፈነ ጽሑፍ) ሆኖ ይመጣል፤ እርሱን በአንድ መስመር ወደ ተራ ጽሑፍ ቀይሮ ሎግ (የሮቦቱ የሥራ መዝገብ) ላይ ማተም የሚከብደው አልሚ የለም። እንግዲህ በፕሮዳክሽን (እውነተኛው ሥራ በሚካሄድበት) ፎልደር ላይ አሴት የማየት ፈቃድ ያለው አልሚ፣ ከራሱ ስቱዲዮ (የሮቦት መጻፊያ ፕሮግራም) ሆኖ ጌት ክሬደንሻልን ቢያስኬድ የይለፍ ቃሉ ይደርሰዋል።

በመሆኑም የይለፍ ቃል ፈቃድ ሲባል ሁለት ፈቃዶችን አብሮ ማሰብ ይገባል፦ የትኛው ሮቦት ይጠቀማል የሚለውን፣ እንዲሁም በዚያ ሮቦት ላይ የሚሠራውን ኮድ ማን ወደ ፕሮዳክሽን ያስገባል የሚለውን። ሁለተኛው ለሁሉም ክፍት ከሆነ የመጀመሪያው ከስም ያለፈ ጥቅም የለውም። እኛ ዘንድ ሁለት ፎልደሮች አሉ። የመሞከሪያው ፎልደር ውስጥ ያለው አሴት ስሙ ከፕሮዳክሽኑ ጋር አንድ ነው፤ ውስጡ ያለው የይለፍ ቃል ግን የመሞከሪያ ሥርዓት ነው። አልሚዎች ፈቃድ ያላቸው በመሞከሪያው ላይ ብቻ ነው። ኮዱ ሌላ ሰው አንብቦ ካለፈው በኋላ ያለ አንዳች ለውጥ ወደ ፕሮዳክሽን ይሸጋገራል፤ እዚያ ሲደርስ የሮቦቱ አካውንት ትክክለኛውን የይለፍ ቃል ያገኛል። እኔ ራሴ የጻፍኩት ሮቦት በየቀኑ የሚጠቀምበትን የይለፍ ቃል አላውቀውም፤ እንዳላውቀው መደረጉም ለእኔ መከላከያዬ ነው።

ኮዱን የሚያነብ ሰው ሊፈልጋቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ፦ ሴኪዩር ስትሪንግ ወደ ጽሑፍ የሚለወጥበት መስመር፣ የይለፍ ቃሉን ሊይዝ የሚችል የሎግ መልእክት፣ የይለፍ ቃል በሚተይበው አክቲቪቲ (የሮቦቱ እርምጃ) ላይ «ፕራይቬት» የሚለው፣ የተተየበው ሎግ ላይ እንዳይወጣ የሚያደርገው ምርጫ አለመደረጉ፣ ደግሞም ሮቦቱ ሲወድቅ የሚያነሣው የስክሪን ፎቶ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ አንዳንድ አሮጌ ሥርዓቶች የይለፍ ቃልን በኮከብ ሳይሸፍኑ ያሳያሉ፤ ፎቶውም ለድጋፍ ሰጪ ቡድን በኢሜይል ይላካል።

ብቻውን የሚሠራ አልሚ

የተባለውን ሁሉ በአክብሮት አነበብኩ፤ ሆኖም ከእውነታው ጋር አልገጠመልኝም። እኔ ባለሁበት ድርጅት ሮቦት የሚሠራው፣ የሚያስተዳድረውና ሲበላሽ ከእንቅልፉ ተነሥቶ የሚያስተካክለው አንድ ሰው ነው፤ እርሱም እኔ ነኝ። ኮዴን የሚያነብልኝ ማን ነው? ፕሮዳክሽንን ለራሴ ዘግቼ ለማን ልክፈተው?

የመረጃ ሥርዓት ኦዲተር

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ትንንሽ ቡድኖችን የትልልቅ ድርጅቶች ደንብ ሲጫንባቸው ደንቡን በወረቀት ላይ ብቻ ያሟሉታል።

የባንክ ቅርንጫፍ ካዝና እንዴት እንደሚከፈት ያስቡ። አንዱ ቁልፍ ከሥራ አስኪያጁ ዘንድ፣ ሌላው ከገንዘብ ያዡ ዘንድ ይሆናል፤ ሁለቱ ካልተገናኙ ካዝናው አይከፈትም። ሁለተኛው ቁልፍ ያዥ የካዝና ሥራ መካኒክ መሆን አይጠበቅበትም፤ የሚጠበቅበት መገኘትና መመስከር ነው። በእርስዎ ዘንድም ሁለተኛው ሰው ፕሮግራም የሚያውቅ መሆን የለበትም። የፕሮዳክሽኑን የይለፍ ቃል ቮልቱ ውስጥ የሚሞላው የሥርዓቱ ባለቤት የሆነው ክፍል ኃላፊ ይሁን፤ እርስዎ የሎከሩን አሠራር ያሳዩዋቸው፣ ሲተይቡ ግን ፊትዎን ያዙሩ። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ እኚሁ ኃላፊ ማን ሎከሩን እንዳሻሻለና የትኛው ሮቦት መቼ እንደተነሣ የሚያሳየውን የኦዲት ሎግ ከእርስዎ ጋር ይመልከቱ። እርስዎ በኮድ አማካይነት የይለፍ ቃሉን ማውጣት መቻልዎ አይቀርም፤ ነገር ግን ያን ለማድረግ ሌላ ሰው የሚያየው ምልክት ሳይተዉ ማለፍ አይችሉም።

የቦት አልሚ (አዲስ አበባ)

በዚህ ላይ ሥልጣን ያለው ሰው ሲለቅ የሚደረገውንም እባካችሁ አትርሱ። ከዚህ በፊት በሠራሁበት ድርጅት ውስጥ የሎከሮቹ ሁሉ ብቸኛ ባለቤት የነበረ ባልደረባችን ሥራ ለቀቀ፤ አካውንቱ በዚያው ቀን ተዘጋ። ከሳምንታት በኋላ የአንድ ሥርዓት የይለፍ ቃል ጊዜው አለፈና መለወጥ ነበረበት፤ ክሬደንሻሉን የሚያሻሽል ባለቤት ስላልነበረ ሥራው ቆመ። ከዚህ የባሰው ግን ሮቦቶቹ አሮጌውን የይለፍ ቃል ይዘው መሞከራቸውን አለማቆማቸው ነበር። አምስት ማሽኖች በአንድ አካውንት ይሠሩ ስለነበር እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጊዜ ሲሞክር የተፈቀደው የስሕተት ቁጥር በቅጽበት አለፈና አካውንቱ ተቆለፈ። ቀኑ የደመወዝ መክፈያ ቀን ነበር፤ የሰው ደመወዝ በእኛ ቸልተኝነት አንድ ቀን መዘግየቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ በሠራኋቸው ሮቦቶች ሁሉ ውስጥ አንድ ደንብ አለ፦ መግቢያው ላይ የይለፍ ቃል ስሕተት ነው የሚል መልስ ከመጣ ሮቦቱ ደግሞ አይሞክርም፤ ቆሞ ሰው ይጠራል። ገጹ ካልተከፈተ መድገም ተገቢ ነው፤ የይለፍ ቃል ውድቅ ሲደረግ ግን መድገም ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። እያንዳንዱ ሎከርም ቢያንስ ሁለት ባለቤት ይኑረው።

ጠያቂ (አዲስ አበባ)

የኦዲተሩን መልስ አትሜ ለፋይናንስ ሥራ አስኪያጃችን አሳየኋቸው። ሥልጣናቸውን እንደተጋፋሁ ይቆጥሩት ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እርሳቸው ግን ስማቸው በባንኩ መዝገብ ላይ ያለ እርሳቸው ዕውቀት ሊመዘገብ እንደሚችል ሲረዱ በዚያው ቀን የይለፍ ቃሎቻቸውን ለወጡ፤ ለሦስቱም ባንኮች ደብዳቤ እንዲጻፍ አዘዙ።

አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ከባንኮቹ አንዱ በገባን ቁጥር የአንድ ጊዜ ኮድ በስልክ ይልካል። እስካሁን በቀን ሳስነሣው ኮዱን ከሥራ አስኪያጁ ስልክ እየጠየቅሁ አስገባ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ይህ አይሆንም።

አልሚ (ቨርጂኒያ)

በመጀመሪያ ባንኩን ይጠይቁት፤ መግለጫውን በየቀኑ በኢሜይል ወይም በፋይል ማስተላለፊያ የሚልክ ከሆነ ሮቦቱ ወደ ገጹ መግባቱ ራሱ ይቀራል። የማያስፈልግ የይለፍ ቃል ከቮልት ውስጥ ካለ የይለፍ ቃል ሁሉ ይልቅ የተጠበቀ ነው።

ባንኩ በስልክ ከሚላከው ይልቅ በመተግበሪያ የሚመነጨውን፣ በየ30 ሰከንዱ የሚለወጠውን ኮድ የሚፈቅድ ከሆነ ሮቦቱ ከምስጢር ቁልፉ ኮዱን ራሱ ማስላት ይችላል። ጥንቃቄው የምስጢር ቁልፉን ከይለፍ ቃሉ ጋር በአንድ ሎከር ውስጥ አለማስቀመጥ ነው፤ በአንድ ቦታ ከተቀመጡ ሁለት የነበረው መከላከያ አንድ ይሆናል። በሁለት ሎከር፣ የተለያየ ባለቤት ባላቸው ይለያዩአቸው፤ ኮንሱመሩ ግን በሁለቱም የእርስዎ ያው አንድ ሚና ይሁን።

ከሁለቱ አንዱም ካልሆነ፣ የዚያን ባንክ ሥራ ከሌሊቱ ሮቦት ነጥለው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሠራተኛ የሚያስነሣው ሮቦት ያድርጉት። ያኔ የመጀመሪያ ጥያቄዎ ሁለተኛው መንገድ፣ እያንዳንዱ የራሱን የሚሞላበት፣ ትክክለኛ ቦታውን ያገኛል፤ ያ ሠራተኛ በባንኩ በኩል የማየት መብት ብቻ ያለው የራሱ መለያ ይኑረው።

ጠያቂ (አዲስ አበባ)

ባንኩ መግለጫውን በየቀኑ በኢሜይል መላክ እንደሚችል ዛሬ ነገረኝ፤ ማመልከቻውን ነገ እናስገባለን። የቀሩት ሁለት ባንኮች ለሮቦቱ የማየት ብቻ መብት ያለው ተጠቃሚ ለመክፈት የድርጅቱን ማኅተምና የተወካይ ፊርማ ጠይቀዋል። የሎከሩ ሁለተኛ ባለቤት ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው እንዲሆኑ ተስማምተናል፤ አዲሶቹ የይለፍ ቃሎች ሲመጡ የሚሞሏቸውም እርሳቸው ናቸው። የሌሊቱን ፕሮግራም እስከዚያው አጥፍቼዋለሁ፤ መግለጫዎቹን በየጠዋቱ ከገንዘብ ያዣችን ጋር በእጅ እያወረድን ነው።